ፎቶው እንዳይጨመቅ ያዘዙት አቶ በርናባስ ሌዳሞ

የዓላሙራ የፎቶና ቪዲዮ ባለሙያዎች ማኅበር ከመሥራቾቹ አንዱና የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ የነበሩት አቶ በርናባስ ሌዳሞ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥቅምት 12 ቀን 2006 ዓ.ም. ማረፋቸውን ለአባላቱ፣ ለደንበኞቹና ለሐዋሳ ሕዝብ የሚያስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው።

አቶ በርናባስ መሃል ከተማ በነበራቸው ፎቶ ቤት ለረጅም ጊዜ ሠርተዋል። በ1997 ዓ.ም. ማኅበሩ ሲቋቋም የአባላት ሥራ በአንድ ሰርቨር እንዲቀመጥ ሐሳብ ያቀረቡት እርሳቸው ናቸው። የሠርጉም፣ የምርቃቱም፣ በጉዱማሌ የሚከበረው የሲዳማ ዘመን መለወጫ የፊቼም ምስል ከየሱቁ ወደዚያ ገባ።

በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ ሆነ። የመጠባበቂያ ኮፒ የሚይዘው የባክአፕ ሶፍትዌር ሁሉንም ፋይል እስከ መጨረሻ ጨምቆ እንዲያስቀምጥ የተስተካከለ ስለነበርና መጨመቁም ብዙ ሰዓት ስለሚወስድ፣ ኮፒው ሳያልቅ መብራቱ ይሄድ ነበር። ዲስኩ ቢበላሽ የከተማው ሰው ሠርግ ሁሉ አብሮ መጥፋቱ ነው። ብዙዎቻችን ተስፋ ቆርጠን ነበር።

አቶ በርናባስ ግን ነገሩ ገባቸው። ፎቶና ቪዲዮ ከካሜራው ሲወጣ ተጨምቆ የመጣ ነው። በጉባኤ ላይ ተነሥተው «ይሄ ፕሮግራም እኮ ጁሱ ተጨምቆ ያለቀን ብርቱካን ነው እንደገና ሲጨምቅ የሚውለው» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ወዲያው በኮምፒውተሩ ላይ ትዕዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍተው ባክአፑን በጽሑፍ ትዕዛዝ አስጀመሩ፤ በትዕዛዙ መጨረሻም የመጭመቂያውን መጠን ዜሮ ብለው ጻፉ። የሶፍትዌሩ ማስተካከያ እንዳለ ነው፣ ማንም አልነካውም፤ ለዚያ ዙር ብቻ ተሻረ። ኮፒው መብራት ሳይሄድ አለቀ። ጎል የገባ ያህል ጨፈርን። የሐዘን መግለጫ እንዲህ እንደማይጻፍ እናውቃለን፤ ነገር ግን ስናስታውሰው ዛሬም ደስ ይለናል።

ዲስኩ ቶሎ ይሞላል ብለው የተከራከሩ ነበሩ። የጨመረው ቦታ ከተፈራው እጅግ ያነሰ ሆነ። ጽሑፍ የሆኑት የደንበኞች የውል ሰነዶች ግን በሌላ ዙር እንደ ወትሮው እየተጨመቁ ቀጠሉ።

በ2003 ዓ.ም. የፈራነው ደረሰ፤ የሰርቨሩ ዲስክ ተቃጠለ። ከኮፒው አንድም ሠርግ ሳይጎድል ተመለሰ። ልጃቸውን በሞት የተነጠቁ አንዲት የምሥራቅ ክፍለ ከተማ እናት የምርቃቱን ቪዲዮ ሲረከቡ አቶ በርናባስን አቅፈው መርቀዋቸዋል።

ትዕዛዙን አንዴ አስቀምጦ በአንድ ጠቅታ ማስጀመር ይቻል ነበር። እርሳቸው አሻፈረኝ አሉ፤ እያንዳንዱ አባል በገዛ ጣቱ መጻፍ አለበት ብለው በየተራ አስቀመጡን። ስንሳሳት ይቆጡናል፣ ሲሳካልን ደግሞ ከእኛ በላይ ይፈነጥዛሉ። ታመው ከተኙ ወዲህ ያለ እርሳቸው ይሆንልን ይሆን የሚለው ሐሳብ ሁላችንንም አስጨንቆን ነበር።

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ሮማን፣ ለልጆቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። በቀብሩ ዕለት የአባላት ፎቶ ቤቶች ዝግ ይሆናሉ። ባክአፑ ግን አልተቋረጠም። እርሳቸው ባረፉ ዕለት ተረኛዋ አባላችን ወይዘሮ ሸዋዬ እያለቀሱ ትዕዛዙን እስከ ዜሮው ድረስ ጻፉት። መብራት ሳይሄድ አለቀ።