ሉጥፊያ ሲኒማ የገባች ሰሞን

ጥቅምት 2

ዛሬም ስፌት። የሦስት ዐባያ ጫፍ አጠፍኩ። ሉጥፊያ ከማሽኑ ሥር ቁጭ ብላ ቁርጥራጭ ጨርቅ ስትለቅም ዋለች። መርፌ እንዳትይዝ ዓይኔን ከሷ ላይ አላነሳሁም፤ ሥራው ግማሽ ቀረ። ይቅር።

አመሻሽ ላይ እናቷ ሬሕማ ደወለች። ካፉሪ ሰፈር ከምትሠራበት ቪላ አዳሪነቱን ልትተው ነው። የቀን ሥራ አግኝታለች። «ከወሩ አጋማሽ ጀምሮ ልጄ ከኔ ጋር ታድራለች፣ እትዬ ብርቅነሽ! አልሐምዱሊላህ!» አለች። «እሰይ» አልኳት። እሰይ ያለው አፌ ነው።

እዚሁ ስደት ላይ፣ በስድስት ወሯ ነው የሰጡኝ። ሁለት ዓመት ሞላን። እናት ዓርብ ዓርብ ብቻ ትመጣለች። ጎረቤቴ የሆነው አባቷ ኑርሁሴን ሌሊት ሌሊት ዐማራት ሰፈር ያለ መሥሪያ ቤት ይጠብቃል። ጥርስ ያወጣችው እኔ ጋ፣ የዳኸችው እኔ ጋ፣ የታመመችው እኔ ጋ... ታዲያ የማን ናት? ማንም አልጠየቀኝም እኮ። ምን አስቀባጠረኝ?

ጥቅምት 3

ነገ ሲኒማ ሊወስዷት ነው። አርካዊት ሰፈር፣ የገበያ ሞሉ ውስጥ። የልጆች ፊልም አለ አሉ። «ሦስታችን አንድ ላይ ወጥተን አናውቅም እኮ» ይላል ኑርሁሴን። ሦስት ትኬት ቆርጧል።

አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝም አልሄድም ነበር።

እሄድ ነበር።

ጥቅምት 4፣ ዓርብ

ሬሕማ ከጠዋት መጣች። ተረከዙ የሚያበራ ጫማ ገዝታላታለች። ጠበባት። የልጇን ቁጥር አታውቅም! ደስ አለኝ። ክፉ ነኝ? እንጃ... ደስ ብሎኛል።

ሊወጡ ሲሉ ሬሕማ ጠጋ ብላ፣ «እትዬ፣ ጨለማ ትፈራለች እንዴ?» አለችኝ።

ትፈራለች። መብራት ሲጠፋ ጆሮዬን ካልያዘች አይሆንላትም። ጫፉን በሁለት ጣቷ እያሻሸች ነው ፀጥ የምትለው። መናገር ነበረብኝ።

«ኧረ ምንም አትል» አልኳት።

ለምን? ለምን እንደሆነማ አውቀዋለሁ። ያቺ አንዲት ነገር እንኳ የኔ ብቻ ትሁን ብዬ ነው።

ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። ገና ከረክሻው፣ ከባጃጁ፣ ሳይወርዱ ጩኸቷ ተሰማኝ። መብራቱ ድርግም ሲል ጀምራ አላቆመችም አሉ። ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። እናቷን ቧጥጣታለች። ከእጃቸው ስቀበላት ጆሮዬን ያዘችና ዝም። ሬሕማ እንዳታይብኝ ጀርባዬን ሰጠኋት። እየሳቅሁ ነበር መሰለኝ።

ጥቅምት 7

ኑርሁሴን ከሥራ ወጥቶ በቀጥታ እኔ ጋ መጣ። ተቀመጥ ብለውም አልተቀመጠም።

«እትዬ፣ ወስነናል። ኮምቦልቻ፣ እናቴ ዘንድ ትሂድ። ወደ አገር ቤት የሚገባ ሰው አግኝተናል።»

«ምን አጠፋሁ?» አልኩት። ድንጋጤዬ ነው ያናገረኝ።

«አንቺ ምን ታጠፊያለሽ? ሬሕማ ናት። ልጄ ፈራችኝ እያለች ስታለቅስ አራተኛ ቀኗ ነው። እዚህ ሆና እናቷን ከምትፈራ አያቷ ዘንድ ትደግ። እኛም ኢንሻአላህ አንድ ቀን እንገባለን።»

ምን አጠፋሁ ማለቴስ! ልቤ እያወቀ።

እናቷም ልታጣት ነው። እኔም ላጣት ነው። በአንድ ጆሮ።

ጥቅምት 8

ክሩ ሁለቴ ተበጠሰ። ስልኩን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። «ዋሽቼሽ ነው» በስልክ ይባላል?

ጥቅምት 9

ሬሕማ ራሷ ደወለች። «ከመሄዷ በፊት አንዴ ደግመን እንሞክር። ምናልባት ከለመደችን... አንቺም ነይ፣ እንዳታለቅስ።»

አራት ትኬት። ለዚህች ትኬት አልነበር የተንገበገብኩት? አሁን መጣችና ወዴት ልግባ?

ጥቅምት 11፣ ዓርብ

ሬሕማ ልጇን ታቅፋ፣ እኔ አጠገቧ፣ ኑርሁሴን ፈንዲሻውን ይዞ ጫፍ ላይ።

መብራቱ ጠፋ። ሉጥፊያ ጮኸች። ሁለቱንም እጆቿን ወደ እኔ ዘረጋች። ከኋላችን አንዱ በዐረብኛ «ያ ጀማዓ!»፣ ኧረ ሰዎች፣ ብሎ አጉረመረመ።

«ያዢያት» አለች ሬሕማ። «በቃ፣ ያዢያት።»

እጄን ዘረጋሁ። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነው የዘረጋሁት። ግን የስክሪኑ ብርሃን ሬሕማ ፊት ላይ አረፈ። እንባ እንኳ የለውም። ልጇን ለሰው መስጠት የለመደ ፊት ነው... ያን ፊት ዓርብ ዓርብ ስትመለስ በሬ ላይ ስንቴ አይቼው ይሆን? አይቼ ምን አልኩ?

«ጣርሓሽን ላላ አድርጊው» አልኳት።

«ምን?»

«ሻሽሽን። ጆሮሽ ተሸፍኗል። ሲጨልም ጆሮ ካልያዘች ዝም አትልም። ባለፈው ደብቄሽ ነው።»

አየችኝ።  ሻሹን በአንድ በኩል ላላ አደረገች። የልጅቷን እጅ ይዤ ከሥሩ አስገባሁላት። ትንሽ ዳበሰች... አገኘችው። ጩኸቱ ወደ ሲቃ ዞረ። ቆይቶ ሲቃውም ቆመ። ኑርሁሴን አፉን ከፍቶ ቀረ።

ፊልሙን አላየሁትም። እነዚያን ሁለት ጣቶች ሳይ ነው ያለቀው። ቅናቱ ለቀቀኝ? የት ሊለቀኝ! ባዶ የቀረው ጆሮዬ ነበር።

ስንወጣ ሬሕማ፣ «ለምን ግን?» አለችኝ።

«ቀንቼ።»

«እኔ እኮ ሳምንቱን ሙሉ አለቀስኩ፣ እትዬ።»

 ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት፤ ልጇን እንዳቀፈች ቀድማኝ ሄደች።

ጥቅምት 20

ኮምቦልቻ ቀረ። ሉጥፊያ እናቷ ጋ ማደር ከጀመረች አራት ቀን ሆናት። ቀን ቀን እኔ ጋ ናት። ሬሕማ ጠዋት ስታመጣት ሰላምታዋ አጭር ነው፤ ግን ታመጣታለች። ትናንት ማታ አልጋዬ ሰፋኝ።

ዛሬ ዳቦ ልንገዛ ወጣን። ሱቁ ውስጥ አዲስ ሰው ቆሟል። ጉንጯን ነካ አደረጋትና «ማሻአላህ፣ ቢቲክ?» አለኝ። ልጅሽ ናት ወይ ማለቱ ነው።

በዚህ ሁለት ዓመት በየመንገዱ፣ በየአውቶቡሱ ስንቱ ጠይቆኛል! አንድም ቀን አይደለችም ብዬ አላውቅም። «አይዋ»፣ አዎ፣ ብዬ አልፋለሁ። ማን ያጣራል?

«ላ» አልኩት። «ቢት ጃርቲ።» የጎረቤቴ ልጅ ናት።

ሰውየው ግድም አልሰጠው። ዳቦውን ጠቅልሎ ሰጠኝ።