ካውያው እስኪቀዘቅዝ

ማክሰኞ፣ በወሩ በአሥራ ሰባተኛው ቀን
ከላውንደሪያችን፣ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ

ለምወድሽ፣ ለምታናድጂኝም ልጄ፤

እንዴት ነሽ? ሳሉስ ተወሽ? «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ተውኩት። ደህና አይደለሁም። ተናድጃለሁ። ባንቺም፣ በአባትሽም፣ በሱቁ መዝጊያም ተናድጃለሁ። አይቆጣኝና በፈጣሪም ተናድጃለሁ። ስለዚህ ስታነቢ የጮህኩብሽ ከመሰለሽ አልተሳሳትሽም።

ደብዳቤሽ ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ። ደብዳቤ ከተባለ ነው እንግዲህ፣ ግማሽ ገጽ አትሞላም። «ሰላምታውን ባንቺ እጅ መቀበል ሰልችቶኛል። አባቴ በራሱ አፍ ካልጠራኝ አልደውልም፣ አልመጣምም» ትያለሽ። አራት ጊዜ አነበብኳት። የማን ልጅ እንደሆንሽ ለማወቅ ምስክር አያስፈልግም፤ ቁርጥ እሱን። ሁለታችሁም አንዴ ከተናገራችሁ ተራራ ቢናድ አትመለሱም፣ መሃል ላይ የምትቃጠለው እኔ ነኝ።

ለማንኛውም ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልንገርሽ። ሁለት ነገር ዋሽቼሻለሁ።

አንደኛው፣ በየደብዳቤው ግርጌ «አባትሽ ሰላም ብሎሻል» እያልኩ የጻፍኩት ነው። አላለም። አንቺ ከወጣሽ ጀምሮ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ስምሽ ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ሳነሳሽ ተነስቶ ሸሚዝ መቁጠር ይጀምራል። ሰላምታውን ከራሴ እየፈጠርኩ ነበር የምልክልሽ።

ሁለተኛው፣ «ትንሽ አሞት ነበር፣ አሁን ተሽሎታል» ያልኩሽ ነው። ስትሮክ ነው የመታው። አምስት ወር ሊሞላው ነው። ቀኝ እጁ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፣ እግሩን እየጎተተ ይሄዳል፣ አንደበቱ ደግሞ ተይዟል። አእምሮው አለ፤ የሚባለውን ሁሉ ይሰማል፣ ይገባዋል። ከአፉ የሚወጣው ግን አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ያው»። ውሃ ሲጠማው «ያው»፣ መጸዳጃ ሲፈልግ «ያው»፣ ሲናደድ «ያው! ያው!»። የኔን ስም እንኳ አጣው። እንግዲህ ሠላሳ አራት ዓመት «አንቺ!» እያለ ነው የጠራኝ፤ ብዙም አልፈርድበትም።

ለምን ደበቅሽኝ እንደምትይ አውቃለሁ። እንዳትደነግጪ ብዬ ነው ብልሽ ሦስተኛ ውሸት ይሆናል። ነግሬሽ ባትመጪስ ብዬ ፈርቼ ነው። አውቀሽ ከቀረሽ ምን ይውጠኛል? ሳታውቂ ብትቀሪ ግን ለራሴ የምነግረው ምክንያት አላጣም።

ቤት ብቻውን ልተወው ስለማልችል ጠዋት ጠዋት ደግፌ ሱቅ አመጣዋለሁ። አንሶላው ከሚደረደርበት መደርደሪያ አጠገብ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። አጣቢዋም እኔ፣ ተኳሿም እኔ፣ ቁጥር ለጣፊዋም እኔ ሆኛለሁ። እሱ እቴ፣ አሁንም አለቃ ነው። ኮሌታውን ሳልጨርስ እጅጌውን ከጀመርኩ «ያው! ያው!» እያለ በደህናው እጁ መደርደሪያውን ይደበድባል። በዚህ ዕድሜዬ ሸሚዝ አተኳኮስ እማርልሽ ጀመር።

የማታውን ጸሎት መቼም አልረሳሽውም። አባትሽ ደህና ሳለ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ካውያውን ከሶኬት ነቅሎ ያቆመዋል። ትኩስ ካውያ አይቀመጥም፤ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ግድ ነው። «ይቺን ጊዜ መቼም የሚከራያት የለም፣ ለእግዜር እንስጣት» ይልና ከእናቱ የወረሳትን ጸሎት ያደርሳል። «ጠዋት ያወጣኸን፣ ማታ የመለስከን፣ እጃችንን ከእሳት አፋችንን ከክፉ የጠበቅከን» ብሎ ነው የሚጀምረው። አንቺና ወንድምሽ በጠረጴዛው ግራና ቀኝ ቆማችሁ በእግር ትረጋገጡ ነበር።

ያን ቀንም አልረሳሽውም። ወንድምሽ የተተኮሰ ሱፍ ለደንበኛ ሊያደርስ እንደወጣ፣ መንገድ ላይ ተኩስ ተከፈተና ቀረ። በቀበርነው በሦስተኛው ቀን አባትሽ ሱቁን ከፈተ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ካውያውን ነቀለ። «ጠዋት ያወጣኸን፣ ማታ የመለስከን» ሲል አንቺ ጠረጴዛውን መታሽው።

«ማንን ነው የመለሰው?» አልሽ።

ዝም ቢል ምን ነበረበት? አልቻለም። «እዚህ ጠረጴዛ ላይ የሚጸለየው ካልጣመሽ፣ ልጄ የሚባል የለኝም፣ በሩ ክፍት ነው» አለሽ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። አንቺም ወጣሽ። እሱ ጸሎቱን ካቆመበት ቀጠለ። በማግስቱም ደገመው። በሦስተኛውም ቀን። ጎዳናው ሲታወክም፣ ሲረጋም፣ ሬዲዮኑ የሟች ቁጥር ሲያነብም፣ መብራት ጠፍቶ በከሰል ካውያ ስንሠራም፣ ያችኑ ጸሎት፣ በዚያችው ሰዓት። ቃል አልቀየረም። «ማታ የመለስከን» የምትለዋን እንኳ አልዘለላትም። እንዲዘላት ስንት ቀን እንደተመኘሁ!

እኔስ? አጠገቡ ቆሜ አሜን አልኩ። ይኸውልሽ ለማንም ያልነገርኩት። ጥያቄሽ የኔም ጥያቄ ነበር። አፌ አሜን ሲል ልቤ «ማንን?» ይል ነበር። ያን ቀን ካንቺ ጋር ቆሜ ይህን ባለመናገሬ እስከ ዛሬ አንጀቴ ያራል። ለዚህ ነው «አሜን» ከማለቴ ሮጬ የሱቁን የብረት መዝጊያ ማውረድ የለመድኩት። እሱ እንዳቀረቀረ ይቀራል፣ እኔ መዝጊያውን እጎትታለሁ። ያ መዝጊያ ሲወርድ እንዴት እንደሚያንቋርር ታውቂያለሽ፤ ሰፈር ያስነሳል። ጩኸቱን እወደው ነበር። ሌላ ነገር አያሰማም።

ሲታመም ጸሎቱም ቀረ። አልናፈቀኝም።

ከዛሬ ስድስት ሳምንት በፊት ነው፤ ከአልጋ ተነስቶ ሱቅ መዋል የጀመረ ዕለት። ደክሞኝ፣ እግሬ አብጦ፣ ካውያውን ነቅዬ አቆምኩት። ከኋላዬ ድምፅ መጣ፤ «ጠዋት ያወጣኸን፣ ማታ የመለስከን...»። ሬዲዮ መሰለኝ። ዞር ስል እሱ ነው። አይኮላተፍ፣ አይንተባተብ፣ እንደ ድሮው ጥርት አድርጎ እስከ አሜን አደረሰው። ሮጬ ትከሻውን ያዝኩና እያለቀስኩ «በል ስሜን ጥራኝ፤ በል እስቲ አንዴ!» አልኩት። አየኝ፤ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

«ያው» አለኝ።

አየሽልኝ? ለእግዜር ሙሉ ጸሎት፣ ለሚስቱ «ያው»። ያን ማታ እራት አልሰጠሁትም ነበር፤ ኋላ አሳዘነኝና ሰጠሁት።

ከዚያ አበድኩልሽ። ካውያው ሲነቀል ሲያይ እንደሚጀምር ስላወቅኩ በጠራራ ፀሐይ እነቅላለሁ። ሲጀምር፣ አፉ እንደተፈታ ይመልስልኛል ብዬ፣ መሃል ላይ «ሻይ ነው ውሃ?» እያልኩ አስገባበታለሁ። ጸሎቱ ይቆረጥበታል፤ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። እሰካለሁ፣ እነቅላለሁ፣ በቀን ሰባት ስምንት ጊዜ። በመጨረሻ የሰካሁትን ከነቀልኩት መለየት አቃተኝና፣ ቀዝቅዟል ብዬ የደንበኛችን የመምህሩ ነጭ ሸሚዝ ጀርባ ላይ አሳረፍኩት። የካውያ ምስል ታተመበት። መምህሩ ጨዋ ሰው ናቸው፣ «ከኮት ሥር ማን ያየዋል» ብለው ወሰዱት። እኔ ግን በሀፍረት ሞትኩ። ሠላሳ ዓመት ካውያ ይዤ እንዲህ ያለ ነገር አድርጌ አላውቅም።

አንደበቱን ለምታክመው ለንግግር ሐኪሟ ነገርኳት። ልጅ እግር ናት፤ ብትሆን ያንቺ እኩያ ናት። በየቀኑ የተደጋገመ ነገር አእምሮ ውስጥ የሚቀመጥበት ቦታ ሌላ ነው አለችኝ። ቁጥር፣ ዘፈን፣ ጸሎት። በሽታው የመታው ሌላውን ነው። «ልማድ ነው እናቴ፤ ተናገረ ብለው ተስፋ እንዳያደርጉ» አለችኝ።

ልማድ! ያቺን ቃል ይዤ ተመለስኩና ሳምንቱን ሙሉ ተቃጠልኩ። ልጁን ቀብሮ በሦስተኛው ቀን ያደረሰውም ልማድ ነበር? አንቺንስ ከቤት ያስወጣሽ ልማድ ነው? ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ አሉ፤ እሱም ዓመሉን ነው ያልረሳው? እምነት ነው ብዬ ብቀናበትስ አንድ ነገር ነው። ለዓመል ብዬ ነው ልጄን ያጣሁት? ፊቱን ማየት አስጠላኝ።

ሐሙስ ዕለት መዝጊያው ተበላሸ። ጠዋት እንደከፈትኩት ላይ ተጣብቆ ቀረ። የጠራሁት በያጅ «መጣሁ፣ መጣሁ» እንዳለ መሸ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ፤ ካውያው መነቀል አለበትና ነቀልኩ። ጀመረ፤ ጨረሰ። አሜን አለ። እኔ የምሮጥበት አልነበረኝም፤ አንሶላው ክምር ላይ ቁጭ አልኩ። እሱ እንደ ሁልጊዜው አቀረቀረ። እስከ ዛሬ ደክሞት የሚያርፍ ነበር የሚመስለኝ። ለካ አልጨረሰም። ድሮ በመዝጊያው ጩኸት ሥር በሹክሹክታ ይለው ነበር መሰለኝ፤ አሁን ሹክሹክታ ስለማይችል ጮክ ብሎ አለው። ቃል በቃል ልጻፍልሽ።

«ወንዱን ወደ ራስህ መለስከው፤ ይሁን። ድንቢጤን ግን ማታ ማታ ወደምታድርበት ቤት በሰላም መልሳት። አንድ ቀን ወደ እኛ መልሳት። ስለ አፌ ይቅር በለኝ። ለእናቷም ትዕግሥት ስጣት። አሜን።»

ድንቢጤ። ልብስ ቅርጫት ውስጥ ገብተሽ ስትተኚ ያወጣልሽ ስም። ከአሥር ዓመትሽ ወዲህ በዚህ ስም ሲጠራሽ የሰማሁ አይመስለኝም።

 በማግስቱ መዝጊያው አሁንም እንደተጣበቀ ነው፤ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ደገመው፤ አንዲት ቃል ሳትጎድል። ቅዳሜም ደገመው። ሰኞ ሐኪሟ ጋ ሄጄ፣ አንድ ሁለቴ የተባለ ነገር እንዲህ ሊቀር ይችላል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። በፍጹም አለችኝ። እንዲህ የሚቀረው በየቀኑ፣ ለዓመታት የተባለ ብቻ ነው። ዛሬ ልጀምር ቢልማ አይችልም።

በየቀኑ ነበር፣ ልጄ። ካባረረሽ ማግስት ጀምሮ ይሁን ከወር በኋላ አላውቅም፤ በየቀኑ ግን ነበር። ያቺ «ይሁን» የምትለዋ ቃል ስንት ማታ እንደፈጀችበት እሷንም አላውቅም። እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ መዝጊያ እጎትት ነበር። ለምን ለኔ አልነገረኝም? ለምን ላንቺ ሁለት መስመር አልጻፈም? እጁ ደህና፣ አፉ ደህና ሆኖ ስድስት ዓመት ተቀምጦ፣ ለእግዜር ብቻ! ይሄው ነው የሚያንገበግበኝ። ለፈጣሪም ነግሬዋለሁ። «ስለ አፌ ይቅር በለኝ አለህ እንጂ አፌን ንጠቀኝ አለህ?» ብዬዋለሁ።  ትዕግሥቱንም እስካሁን አላየሁትም።

ይህን ሰምቼ እምነቴ ተመለሰ ብዬ አልዋሽሽም፤ ውሸት ይብቃኝ። ግን በያጁ ትናንት መጥቶ መዝጊያውን አስተካክሎታል፤ ቅባትም ጨምሮበት ድምፁ ጠፍቷል። እኔ ግን ትናንት ማታ ሁለተኛው አሜን እስኪባል አልተነሳሁም። ሲጨርስም አሜን አልኩ። ልቤም «ማንን?» አላለም። ለኔ ይሄም ትልቅ ነገር ነው።

አሁን አሥራ አንድ ተኩል ነው። የቀረኝ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስና ሁለት ሱሪ ነው። አባትሽ ቀሚሱን እያየ «ያው፣ ያው» ይለኛል፤ እንዳላቃጥለው ነው። ደብዳቤው ላንቺ እንደሆነ አልነገርኩትም። የሚያውቅ ይመስለኛል፤ ዓይኑን ከብዕሬ አላነሳም።

«በአፉ ካልጠራኝ» ብለሻል። ይኸው ጠርቶሻል። ከሌላው ቃል ሁሉ ይቺ ናት የቀረችው። ደብዳቤው እንደደረሰሽ አሥራ ሁለት ሰዓት በኛ ስንት ሰዓት በእናንተ እንደሆነ አስልተሽ ደውዪልኝ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ካውያው አጠገብ አኖረዋለሁ። አታልቅሺ፣ አትጠይቂው፣ መሃል ላይ ምንም አታስገቢ፤ እኔ ሞክሬ አይቼዋለሁ፣ ይቆረጥበታል። የመጀመሪያው አሜን ሲባልም እንዳትዘጊ። ሁለተኛውን ጠብቂ። እሱን ሲጨርስ፣ እንደ ልጅነትሽ «አቤት» በዪው። ሌላ ምንም አልልሽም፤ አቤት ብቻ።

ወጥተሽ በሰላም ግቢ። ክፉ ዓይን አይይሽ፣ ክፉ ቀን አያግኝሽ፣ ሳልሽንም ሙቅ ነገር ጠጪበት። አባትሽ ሰላም ብሎሻል፤ ይሄ የመጀመሪያው እውነተኛው ነው።

ትዕግሥቱ ገና ያልደረሳት
እናትሽ