እህትህና የመርፌ ቀልዷ

ዓይንህ ለራበኝ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ከናፍቆትህ በቀር የሚያመኝ የለም።

ነርሷ እህትህ ከድንገተኛ ክፍል ወጥታ የኩላሊት እጥበት ክፍል ከገባች ሦስት ዓመት ሞላት፤ እስካሁን አልሰለቻትም። ድሮ፣ «ያተረፍኩትን ሰው ስሙን እንኳ ሳላውቅ ይወስዱብኛል» እያለች ትበሳጭ ነበር። አሁን ታካሚዎቿ በሳምንት ሦስቴ ስለሚመለሱ የልጅ ልጆቻቸውን ሳይቀር በስም ታውቃለች። ሥራ እንዲህ ያማረበት ሰው አላየሁም! መርፌ ልትወጋ ስትል ቀልድ ትጀምራለች፤ ሳቁ ሳያልቅ መርፌው ገብቷል።

እኔ ጋ ስትደርስ ብቻ ቀልዱ መሃል ላይ ይጠፋታል። እኔው እጨርስላታለሁ።

ዘንድሮ ብቅ ካልክ፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ቤት አታገኘኝም፤ እሷው ጋ፣ መስኮቱ ሥር ነኝ።

በዓይነ ሥጋ ያገናኘን፤ ብቻ አይዘግይ።

አባትህ