ከደረጃችን ስለተወሰደው ገመድና ስለ ፌብሩዋሪ ገጽ

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 12

ለክቡር ዶክተር ኦታቪዮ ብራንዳል
የአሥራ ሁለቱ ወራት የጎብኚዎች ቢሮ ኃላፊ
ባሕሩ ፊት ለፊት፣ ትልቁ አደባባይ

ክቡር ዶክተር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለራስዎ ጤና፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ጤና፣ እንዲሁም ለባርኔጣዎ ደኅንነት ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። ባርኔጣዎን ለይቼ ማንሣቴ ከነገ ጀምሮ በዚህች ከተማ ባርኔጣ የባለቤቱ መሆኑ ስለሚቀር ነው።

እያፈርኩም ቢሆን አንድ ነገር ልናገር። ይህን ሁሉ በቃሌ ላስረዳዎ አስቤ ከጃንዋሪ ወዲህ ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቻለሁ። መስኮቱ ጀርባ ያለችው ወይዘሪት ሦስቱንም ጊዜ በፈገግታ «የኔ ቆንጆ፣ ለየትኛው ወር ነው?» ስትለኝ እኔም ሦስቱንም ጊዜ «የትኛውን ወር ይመርጣሉ?» የምትለውን መጽሐፍዎን ተቀብዬ፣ አመስግኜ ወጥቻለሁ። አያቴ ኦንዲና ሦስተኛዋን ቅጂ ይዤ ስገባ ዐይታኝ «ምላስሽን እዚያው መስኮት ላይ ነው ትተሽው የምትመጪው?» አለችኝ። አንደኛዋን ቅጂ ግን አጣጥፋ አንካሳው የጠረጴዛ እግር ሥር አድርጋታለች፤ ከዚያ ወዲህ ሾርባችን ስለማይፈስ ቢሮዎን ከልብ እናመሰግናለን።

ኒቨስ እባላለሁ፤ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ትምህርቴን ባለፈው ጁን አቁሜ የሆቴሎች አንሶላ በሚታጠብበት ቤት በካውያ እተኩሳለሁ፤ ስለዚህ የጽሑፌን ጉድለት ይታገሱኝ። በሌላ በኩል የመጽሐፍዎን ፍሬ ከማንም ቀድሜ የማየው እኔ ነኝ፤ ከዚህ ቀደም በፌብሩዋሪ ሁለት ሰው የሚጨርሰው የአንሶላ ክምር ዘንድሮ ለአምስት ሰው በዝቷል።

መጽሐፏን ደጋግሜ አንብቤያታለሁ፤ ቆንጆ ናት። በሜይ ባሕር ዳሩ በሰው ሳይሞላ ይምጡ ትላለች። በጁላይ ቀለል ያለ ልብስ ይያዙ፤ በኦገስት የከተማው ሰው ሥራውን ትቶ ባሕሩ ዳር ድንጋዩ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ያያሉ ትላለች፤ ያ ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ባለኝ ነበር፣ እኔ በዚያ ወር ካውያው አጠገብ ነበርኩ። ኖቬምበርን ለብቸኝነት ወዳጆች ሰጥታዋለች፤ እዚህ ላይ እውነት ብላለች። በየገጹ ወይ ትንሽ ፀሐይ ወይ ትንሽ ጃንጥላ ተሥሏል። የፌብሩዋሪ ገጽ ላይ ግን ጉንጩን የነፋ፣ የሚስቅ ነፋስ ተሥሎ ከሥሩ «የዝነኛው ቦራ ወር! ሆቴል በግማሽ ዋጋ። የጥንቱን ገመድ ይያዙ፤ እንደ አገሬው ሰው ይንገዳገዱ» የሚል አለበት።

እኔ አገሬው ሰው ነኝ። ስለ መንገዳገድ ጥቂት ነጥቦች በቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

1. ስለ ገመዱ። እኛ የምንኖርበት ደረጃ ዘጠና አራት እርከን አለው፤ እኛ ከላይ ነን፣ የመኪናው መንገድ ከታች ነው። ቦራ የምንለው ነፋስ ከኮረብታው ሲወርድ በቤቶቹ መካከል ሌላ መውጫ ስለማያገኝ በእኛ ደረጃ ያልፋል። በግድግዳው ላይ አሥራ ሁለት የብረት ቀለበት ተተክሏል፤ በየዓመቱ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ሰፈሩ ገመዱን ከምድር ቤት አውጥቶ በቀለበቶቹ ውስጥ ያሳልፈዋል፤ የላይኛውን ቋጠሮ የሚያስሩት ጎረቤታችን ሲኞር ኤጂዲዮ፣ ጡረታ የወጡት የትራም ነጂ ነበሩ። ባለፈው ኦክቶበር ከቢሮዎ ሁለት ሰዎች «ለዕድሳት» የሚል ወረቀት ይዘው መጥተው ገመዱን ወሰዱት። ዕድሳቱን አይቻለሁ፤ አምሮበታል። ታጥቧል፣ በየሜትሩ ሰማያዊ ጥብጣብ ተደርጎለታል፣ አደባባዩ ላይ በሚያብረቀርቁ ምሰሶዎች መካከል ተወጥሯል። እጃችን አጥቁሮት የነበረው ቦታ እንኳ ነጭ ሆኗል።

2. ስለ ደንቡ። ምሰሶው ላይ ባለው ማስታወቂያ መሠረት ነፋሱ በሰዓት ከስድሳ ኪሎሜትር ሲያልፍ አደባባዩ ለጎብኚዎች ደኅንነት ሲባል ይዘጋል። ይህን ያህል ለሰው ነፍስ የተጨነቀ ደንብ አንብቤ አላውቅም፤ በዚህም ምክንያት ገመዱ ገመድ የማያስፈልግበት ቀን ሁሉ ክፍት ሆኗል። ባለፈው እሑድ ቅጠል የማይነቃነቅበት ቀን ስለነበር ፎቶግራፍ አንሺው ትልቅ ማራገቢያ አቁሞ ባልና ሚስት እንግዶችን «ጠጋ በሉ፣ ገመዱን ጠበቅ፣ ጎንበስ... እመቤቴ አይሳቁ፣ ትንሽ ፍሩልኝ እንጂ» ይላቸው ነበር። እመቤቲቱ መፍራት አልሆንላት ብሎ አራት ጊዜ ተነሡ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ፍርሃት ለሚቸግራቸው እንግዶች ከእኛ ደረጃ ማበደር እንደምንችል ልነግራቸው አስቤ እንደ ልማዴ ዝም አልኩ።

3. ስለ ሲኞር ኤጂዲዮ። አያቴ ኩላሊቷ ስለደከመ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት ደሟ በሆስፒታል በመሣሪያ ይታጠባል። የሆስፒታሉ መኪና ደረጃ ስለማይወጣ ከታች ቆሞ ይጠብቃታል፤ እሷ በአንድ እጇ የእኔን ትከሻ ይዛ፣ በሌላው ድሮ ገመዱን፣ ዘንድሮ ግድግዳውን እየዳበሰች ትወርዳለች። ሲኞር ኤጂዲዮ በዚያው ሰዓት ዳቦ ገዝተው ስለሚወጡ መሐል ላይ እንገናኛለን። «ኦንዲና፣ ገመዱን ልቀቂና እኔን ያዢ» ይሏት ነበር በየጊዜው፤ እሷም «አንተንማ በልጅነቴ ይዤ አይቼሃለሁ፣ ገመዱ ይሻላል» ትላቸው ነበር።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 14፣ ዳቧቸውን በቀኝ ብብታቸው ይዘው ከታች ሲመጡ ገና ሳይደርሱ «ዛሬስ ገመድ የለም፤ ምርጫ የለሽም ኦንዲና» አሏት። «እወድቃለሁ እንጂ አልይዝህም» አለች አያቴ። ሦስታችንም ሳቅን። ነፋሱ የመጣው ያኔ ነው። ገመዱ እንደሌለ አፋቸው ያውቅ ነበር፤ አሁን ተናግረውታል። እጃቸው ግን አላወቀም። ስድሳ ዓመት ሙሉ የለመደው ግራ እጃቸው ወደ ግድግዳው ሄደ፣ አየሩን ጨበጠ፣ እሳቸውም ክብደታቸውን ሁሉ ያ እጅ በጨበጠው ላይ ጣሉ።

ክቡር ዶክተር፣ እጃቸው ሲሄድ አይቻለሁ። «ተዉ፣ የለም» ለማለት ጊዜ ነበረኝ፤ ሁለት አጫጭር ቃላት ናቸው። ጉሮሮዬ ድረስ መጥተው ቀሩ። ሲኞር ኤጂዲዮ ሃያ ሁለት እርከን ወረዱ፤ ዳቦው ከሳቸው ቀድሞ ታች ደረሰ። በዘጠነኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ ሞቱ። በዚህ ጉዳይ ቢሮዎን ብቻ እወቅሳለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ገመዱን የወሰዱት እርስዎ ነዎት፣ ዝም ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ በዚህ ሥራ ተባብረናል።

ከቀብር ስንመለስ የፌብሩዋሪን ገጽ እንደገና አየሁት። ከሚስቀው ነፋስ በታች ያለው ፎቶግራፍ፣ ኮቱ እንደ ሸራ የተነፋው፣ በግራ እጁ ገመዱን ይዞ አፉን ከፍቶ የሚስቀው ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። ከዓመታት በፊት እኛው ደረጃ ላይ የተነሣ ነው፤ የእኛ በር ከኋላቸው ይታያል። ከሥሩ «ደስተኛ ነዋሪ» ይላል። ስሙን ጠይቆ ማስቸገር ስላላስፈለገ ይሆናል። እኅታቸው ለመቃብሩ የሚሆን ፎቶ ስላልነበራቸው አያቴ ከሁለተኛዋ ቅጂ በመቀስ ቆርጣ ሰጥታቸዋለች፤ የሚስቀውን ነፋስ ግን ከላያቸው ላይ ሙሉ በሙሉ ማስወገድ አልቻለችም፣ አንድ ጉንጩ ቀርቷል። ለነጻ ፎቶግራፉ የቤተሰቡን ምስጋና ይቀበሉ።

4. ስለ ኤፕሪል። ከደረጃው ግርጌ ዳቦ የምትጋግረው ሲኞራ ዮሌ እንደ እኔ አይደለችም፤ ምላሷ እንደ ምድጃዋ ነው። ባለፈው ሳምንት ቢሮዎ ሄዳ ገመዱ መቼ እንደሚመለስ ስትጠይቅ «ኤፕሪል ላይ» ተባለች። የኤፕሪል ገጽ ላይ «ነፋሱ አርፏል፤ በደረጃዎቹ ላይ ያለ ሐሳብ የሚንሸራሸሩበት ወር» ተብሎ ተጽፏል። ዮሌ ተመልሳ ስትነግረን «እንግዲህ ከተቀበርን በኋላ ሐኪም ሊልኩልን ነው» አለች፤ እኔ ግን ቢሮዎ የራሱን መጽሐፍ እንደሚያከብር የሚያሳይ ስለሆነ በበጎ ተርጉሜዋለሁ።

ቁጥሩን እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ ቀጥሎ ያለው ገና ያልሆነ ነገር ነው።

ዛሬ በከተማው ላይ ምንም አይነፍስም። ባሕሩ በካውያ የተተኮሰ ይመስላል። ከኮረብታው ጫፍ ላይ ደመናው እንደ ነጭ ፍራሽ ተጋድሟል፤ አይወርድም፣ አይበተንም፣ ቁጭ ብሎ ወደ ታች ያየናል። የዮሌ ድመት ከትናንት ጀምሮ ከምድጃው ሥር አልወጣችም። የታጠበ ልብስ ያሰጣ ሰው የለም፤ ማንም ለማንም ሳይናገር መስኮቶች አንድ በአንድ እየተዘጉ ሲሄዱ ዋልን። ቀትር ላይ ሬዲዮው ነገ ረፋድ ላይ ቦራ እንደሚነሣ ተናገረ፤ ሰማዩን የሚያጠራውን አይደለም፣ በረዶና ዝናብ የሚጭነውን፣ እኛ ጨለማው የምንለውን ነው። እዚህ ቦራ ከተነሣ ወይ አንድ ቀን፣ ወይ ሦስት፣ ወይ አምስት ይቆያል ይባላል። አያቴ ሬዲዮውን ሰምታ በጣቶቿ ቆጠረች፤ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ። ሐኪሟ የደሙ እጥበት ሁለት ጊዜ ተከታትሎ መቅረት የለበትም ብሎ ካስጠነቀቃት ቆይቷል።

ዮሌ «ዛሬ ወርደሽ እኔ ጋ እደሪ» አለቻት። «ዱቄትሽ ያስለኛል» አለች አያቴ። «አንቺ ሴትዮ፣ ይህ ቀልድ አይደለም።» «ቀልድ አይደለምማ። ዛሬ እኔ እወርዳለሁ፤ እላይ ያሉት ሌሎቹስ? ሁላችንን እምድጃሽ ላይ ትደረድሪናለሽ?» በደረጃችን ላይ ከሰባ ዓመት በላይ የሆኑ ዘጠኝ ሰዎች አሉ። ሲኞር ኤጂዲዮ ዐሥረኛው ነበሩ። ዮሌ ከሄደች በኋላ አያቴ ለእኔ ብቻ በዝግታ «መውረዱን እወርዳለሁ። የምፈራው መመለሱን ነው፤ ስወጣ ፊት ለፊት ነው የሚያገኘኝ» አለችኝ። ፈራሁ ስትል ሰምቼያት አላውቅም ነበር።

የገመዱን የላይኛውን ቋጠሮ አስተሳሰር ሲኞር ኤጂዲዮ ያሳዩት ለእኔ ብቻ ነው። «አንቺ ወሬ ስለማታበዢ ጣትሽ ይሰማል» ብለውኝ ነበር።

ስለዚህ ክቡር ዶክተር፣ በታላቅ አክብሮት አስቀድሜ አሳውቅዎታለሁ። ነገ፣ የዮሌ የመጀመሪያ ዳቦ ከምድጃ ሲወጣ፣ የዳቦ ጋሪዋን እየገፋሁ ወደ አደባባይዎ እወርዳለሁ። ጥብጣቦቹን አንድ በአንድ ፈትቼ፣ የቢሮዎ ንብረት ስለሆኑ፣ አጣጥፌ ምሰሶው ሥር አስቀምጣቸዋለሁ። ገመዱን ወደ ቤቱ እወስዳለሁ። በአሥራ ሁለቱም ቀለበት አሳልፌ የላይኛውን ቋጠሮ እንደተማርኩት አስራለሁ። ከዚያ አያቴ ሳትወጣ በዘጠኙም በር እየዞርኩ አንኳኳለሁ፣ በር ሲከፈትም መጽሐፍ ተቀብዬ አልመለስም፤ «ገመዱ አለ፣ ስትወጡ በግራ በኩል ነው፣ ያዙት» እላለሁ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ መኝታ ቤቴ ውስጥ በሩን ዘግቼ ጮክ ብዬ ሞክሬዋለሁ፤ ድምፄን አላወቅሁትም፣ ግን ይሰማል።

ይህን ደብዳቤ ምሰሶው ላይ፣ ገመዱ ታስሮበት በነበረው ቦታ አስሬው እሄዳለሁ፤ መንገደኛ ሁሉ ቢያነበው አልቃወምም።

ጸጋና ጤና ከቢሮዎ እንዳይርቅ፣ ሁሉም ወራት እንደ ሥዕላቸው እንዲሆኑልዎ እየተመኘሁ፣ ላሳዩን እንክብካቤ ከዘጠና አራተኛው እርከን ላይ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
ኒቨስ ኮስማን
አንሶላ ተኳሽ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ነገ ጠዋት አደባባዩን ሲያቋርጡ ነፋሱ ድንገት ቢመጣና እጅዎ ሳያስቡት ወደ ገመዱ ቢሄድ፣ ባዶ አየር ቢጨብጥም አይደንግጡ። ደስተኛው ነዋሪም ያገኙት ይህንኑ ነበር።