ታክሲህን ሸጬ የገዛሁት ግቢ

ደምሴ ዓለሜ፣

ከተለየኸን ሦስተኛው ክረምት ገባ። እንጦጦ ከጠዋት ጀምሮ ጉም እንደለበሰ ነው፤ ኮተቤም ጭቃዋን ይዛ እዚያው ናት። ሳምራዊት ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ስትስቅ አንተን ትመስላለች፣ ስትቆጣ ደግሞ እናትህን። እኔ ደህና ነኝ። ለወጉ ያህል አይደለም፤ እውነትም ደህና ነኝ።

ሳልነግርህ መቆየት የማልፈልገው አንድ ነገር አለ። ታክሲህን ሸጥኳት።

ፊትህን ሳትታጠብ እሷን የምታጥብ ሰው ነበርክና እንደሚከፋህ አውቃለሁ። ግን አንተ ከሄድክ በኋላ ሾፌር በሾፌር ላይ ተለዋወጠባት። አንዱ ፍሬኗ አስቸገረኝ ይላል፣ ሌላው ዛሬ ሰው የለም ይላል፤ የሚያስገቡልኝ ግን ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፣ ትንሽ። እሷም በየወሩ እያረጀች ሄደች። ቆርቆሮ ሆና ከመቅረቷ በፊት የሚከራይ ክፍል ያለው ግቢ ላድርጋት አልኩ። እኛ ሰፈር ተከራይ አይጠፋም። ተማሪው አለ፣ አስተማሪው አለ፣ ላምበረት ከአውቶቡስ የሚወርደውም ጓዙን ሳያሳርፍ የሚጠይቀው ክፍል ነው።

ወንድምህ ጋሽ ወርቁ ሰምተው ከተፍ አሉ። «ታክሲ በየቀኑ ይወልዳል። ግንብ ሲወልድ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«ግንብ ጎማ አይቀየርለትም፣ ጋሼ» አልኳቸው። ከሠርጋችን ወዲህ መልስ ስመልስላቸው የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። ደንግጠው ውሃቸውን ጨረሱና ሄዱ።

ሱቄ ውስጥ ለበርበሬና ለሽሮ መጠቅለያ በኪሎ የምገዛውን አሮጌ ጋዜጣ ታስታውሳለህ? «ደንበኛ አቁመሽ ታነቢያለሽ» እያልክ ትስቅብኝ ነበር። ስለ ቤት የሚያወራውን ገጽ አሁንም ለብቻ አስቀምጣለሁ፤ የሐራጅ ማስታወቂያ፣ የውርስ ክርክር፣ የካርታ ነገር። ብዙው ተቀዶ ስለሚመጣ መጨረሻውን ሳላውቅ የቀረሁት ጉዳይ ስንት ነው! ቢሆንም ትምህርት ያዝኩ። ቤት በክረምት እንጂ በበጋ አይታይም። ካርታ በሻጩ እጅ ላይ ሳይሆን በክፍለ ከተማው መዝገብ ላይ ነው የሚታመነው። ለቀብድ የሚያስቸኩልህን ሰው ራስህ አዘግየው።

ሽመልስ የሚባል ደላላ ይዞኝ ዞረ። ካራ ወሰደኝና አባቴ ገብስ ያርስበት በነበረው ሜዳ ላይ ካርታ የሌለው ቦታ አሳየኝ። መሬቱን ከእሱ በላይ እንደማውቀው ስነግረው አፈረ። በመጨረሻ ከኮተቤ በላይ፣ ወደ ተራራው ጥግ፣ ከዋናው ቤት ሌላ በጓሮው በኩል ተከታታይ ክፍሎች ያሉት ግቢ አገኘን። ዝናቡ ሲያወርደው ሄጄ አየሁት። ጎርፉ አጥሩን ታክኮ ያልፋል እንጂ አይገባም። ልቤ እዚያው ቀረ።

ሻጩ አቶ ታምራት ይባላሉ። ቤቱን ከእናታቸው ከእማማ ዘነበች ወርሰዋል፤ ብቸኛ ወራሽ ናቸው የሚል የፍርድ ቤት ወረቀትም አላቸው። አጣራሁት፣ ትክክለኛ ወረቀት ነው። ሽመልስ «እትዬ ይፍጠኑ፣ ሌላ ገዢ ታች መኪና ውስጥ እየጠበቀ ነው» ይለኛል። ሽመልስ ዘንድ ሌላው ገዢ ሁልጊዜ መኪና ውስጥ ነው፤ ወርዶ አያውቅም።

እኔ ግን ያንተን ነገር አሰብኩ። ተጋብተን የኪራይ ቤት ስንፈልግ ሰፈርን ማወቅ የፈለገ ለቅሶ ላይ ይቀመጥ ብለህ፣ የማታውቀው ሰው ቤት ለቅሶ ደርሰህ፣ የአከራያችንን ሰባት ቤት ዘር አጥንተህ አልተመለስክም? ከግቢው ዝቅ ብሎ አንድ ሽማግሌ አርፈው ድንኳን ተተክሎ ስላየሁ ጥቁሬን ለብሼ ገባሁ። ልሰማ ነበር የገባሁት። የሟቹ ሚስት ሙሾዋን ስታወርድ ግን አንተ መጣህብኝ። ስትቀበር ያላለቀስኩትን ሁሉ እዚያ፣ በሰው ድንኳን፣ አለቀስኩት።

ሴቶቹ ያዩኝ ጀመር። አንዷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እህቴ፣ ሟቹ ምንሽ ናቸው?» አለችኝ። ምን ልበላት? ከኋላዋ ያለችው ደግሞ «ኧረ በስተርጅና ጉድ እንዳያወጡብን!» ብላ ስትንሾካሾክ ሰማኋት። ውሽማቸው ልታደርገኝ ነው! ቶሎ ብዬ የእማማ ዘነበችን ቤት ልገዛ እንደሆነና ያለቀስኩት ለባሌ እንደሆነ ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በሳቅ ተንቀጠቀጡ። እኔንም ሳቅ ያዘኝ። ከዚያ ጎናቸው አስቀመጡኝ።

«ልጅቷስ ተስማማች?» አለችኝ ያቺው ጠያቂዬ።

«የቷ ልጅ?»

«ከፊተኛው ባላቸው የወለዷት ነቻ፤ ሸኖ ያለችው ጫልቱ። ለእናቷ ቀብር መጥታ አልቅሳ ሄደች። ታምራት እንደሆነ ስሟንም አያነሳ።»

ሽመልስ ይህን ስነግረው ራሱን ያዘ። «ፍርድ ቤቱ ያላያትን ልጅ እርስዎ ከየት አመጧት? ዝም ይበሉና ይፈርሙ!» አለኝ።

ዝም ማለት ለእኔ ከባድ ሆኖ አያውቅም፣ ታውቀኛለህ። ግን ያለን ነገር ሁሉ እዚያ ግቢ ውስጥ ሊገባ ነው። በሩ በተንኳኳ ቁጥር መጣች እያልኩ ልኖር ነው? ደግሞስ ነገ ሳምራዊትን አንድ ሰው በወረቀት ካንተ ልጅነት ቢፍቃት? ከላምበረት አውቶቡስ ይዤ ሸኖ ወረድኩ።

ጫልቱ ቅቤ ነጋዴ ናት። በኦሮምኛ ነው ያወራነው። አንተ የምትቀልድበት የካራ ኦሮምኛዬ ለዚህ ቀን ጠቀመኝ። መጀመሪያ ወንድሟ ሊያስፈርማት የላከኝ መስሏት በር ላይ አቆመችኝ። «ያለ አንቺ ፈቃድ አልገዛም ልልሽ ነው የመጣሁት» ስላት ወደ ውስጥ ገባችና እርጎ ይዛልኝ ወጣች። «ታምራት ነው ያስታመማት፤ ቤቱን አልቀማውም» አለችኝ። «ግን እናት እንደሌለኝ ተጽፎ መቅረቱን አልወድም።»

አቶ ታምራት ሲሰሙ ጮኹብኝ። «ቤት ግዢ አልኩሽ እንጂ ዘመድ ቁጠሪልኝ አልኩሽ?» አሉና በሩን ዘጉት። ሽመልስ ስልክ ማንሳት አቆመ። ጋሽ ወርቁ «ታክሲውም ሄደ፣ ቤቱም ሄደ» አሉ። ያን ሰሞን ፈራሁ፣ አልዋሽህም። የቤት ዋጋ ሲጨምር የባንኩ ብር እጄ ላይ እንዳለ ሳሙና ሲሟሟ ይታየኝ ነበር። ሽመልስ ቀደም ሲል ሌሎች ቤቶች ጠቁሞኝ ነበር፤ አልሄድኩም።

ነገሩን ከለቅሶው ሴቶች ሰምተው ለእርቅ ያስቀመጡን የሰፈሩ የእድር ሽማግሌዎች ናቸው። በእኔ በኩል ማን እንደተቀመጠ ብነግርህ አታምንም፤ ጋሽ ወርቁ! ከዘራቸውን ይዘው ሳይጠሩ መጡ። «አቶ ታምራት፣ ይህቺ ሴት ሃያ ዓመት ሙሉ ዝም ብላ ነው የማውቃት፤ ከተናገረች እውነት ነው» አሉ። አቶ ታምራት አንገታቸውን ደፉና «የእናቴ በኩር እሷ ናት» አሉ።

ወረቀቱ በፍርድ ቤት ተስተካከለ፤ ወንድምና እህት ውልና ማስረጃ ቀርበው ጎን ለጎን ፈረሙልኝ። ጫልቱ በአፍ ያስገባችኝ አንድ ቃል አለ፦ የእናቷ ሙት ዓመት በየዓመቱ እዚያው ግቢ እንዲዘከር። በሽማግሌዎቹ ፊት እሺ አልኩ።

አሁን ክፍሎቹ ሁሉ ሰው አለባቸው። ሁለት አስተማሪዎች፣ ከሆሳዕና የመጡ ባለሱቅ ባልና ሚስት፣ ሦስት ተማሪ ሴቶች። ቧንቧ ሲፈነዳ ራሴ እደርሳለሁ፤ ቤት እንደ መኪና ነው፣ ካልሰማኸው ያኮርፋል። ሳምራዊት «ኢንቨስተሯ፣ እራት ምንድነው?» እያለች ታሾፍብኛለች። ታሹፍ። ከኪራዩ እያስቀመጥኩ ነው፤ ሁለተኛውን ቤት በዓይኔ ማየት ጀምሬያለሁ፣ ዘንድሮም ዝናብ ሲጥል ጃንጥላዬን ይዤ እዞራለሁ።

ባለፈው የእማማ ዘነበች ሙት ዓመት ደረሰ። ጫልቱ ከሸኖ ቅቤዋን ይዛ መጣች፣ አቶ ታምራት አግዳሚ ተሸከሙ፣ ተማሪዎቹ ሽንኩርት ላጡ። ቄሱ ጸሎት ሊጀምሩ የሟችን የክርስትና ስም ሲጠይቁ ጫልቱ የእናቷን ነገረቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «የባልሽንስ?» አለችኝ።

ወልደ ገብርኤል አልኩ። ካንተ ሞት ወዲህ ጮክ ብዬ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል መሰለኝ። ቄሱ ስምህን ጠሩት፤ የማያውቁህ ተከራዮች፣ የማያውቁህ ጎረቤቶች ሁሉ «ነፍስ ይማር» አሉ።

ደምሴ፣ እኔ በሕይወት እያለሁ ያ ግቢ አይሸጥም። ስምህ ሳይጠራበት የሚያልፍ ዓመትም አይኖርም።

ባለቤትህ፣
አስካለ