በደረጃው ትውረድ

ውድ ላይል፣

ወሬው ሜይን ድረስ ሳይደርስህ አይቀርም። በመዝናኛ ፓርኩ ውስጥ የሚሄደውን ጀልባችንን ፊልም አድርገውታል። እዚህ በየአውቶቡሱ ጎን ተለጥፏል፤ የመብራቱ ማማ፣ ማዕበሉ፣ የኮንትሮባንዲስቶቹ መርከብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፋኖስ ይዛ በመስኮቱ የቆመችው ልጅ። ከቴሌቪዥን ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። ስልክ ብደውል ሁለታችንም ዝም እንደምንባባል አውቃለሁ።

ልጃችንን ኮሪንን ባሕሩ ከወሰዳት በኋላ በአንድ ቤት ውስጥ እንደ ሁለት እንግዳ ነበር የኖርነው። አስከሬን አልተገኘ፣ ቀብር አልነበረ። ሰው ሊያጽናናን ሲመጣ "ቆይ እስቲ፣ ትመጣ ይሆናል" እያልኩ በሩ ላይ እመልሰው ነበር። አንተ ጠዋት ወደ መዝናኛው ወርክሾፕ ትሄዳለህ፤ ስትመለስ እጅህ ጭቃና ላስቲክ ይሸታል። "ምን እየሠራህ ነው?" ስልህ "አሻንጉሊት ነዋ" ትለኛለህ። ሌላ ምን ልትለኝ ኖሯል።

ጀልባው በተመረቀ ቀን አብረን ተሳፈርን። ከፊታችን የተቀመጡት ሕፃናት ይጮሃሉ፣ መድፉ ይተኮሳል፣ ውሃው ይረጨናል። እኔም እስቅ ነበር፤ እሷ ከሄደች ለመጀመሪያ ጊዜ። ጀልባዋ የሰው ሠራሹን ዋሻ ጥግ ስትታጠፍ ቀና አልኩ። ልጄ በመስኮቱ ቆማለች። ከዚያ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ፀጉሯን ከጆሮዋ ኋላ መለሰች፤ ቁርስ ላይ እንደምታደርገው፣ መመለስ የማትፈልገውን ነገር ሲጠይቋት እንደምታደርገው።

እዚያው ጀልባ ውስጥ ጮህኩ። ሰዉ የፈራሁ መስሎት ሳቀ።

"ያቺን አሻንጉሊት አውርዳት" አልኩህ ቤት እንደገባን።

"አላወርዳትም።"

"ላይል፣ ልጄን የሰው መሳለቂያ አታድርጋት!"

"ማንም አይስቅባትም። እሷጋ ሲደርስ ሁሉም ዝም ይላል፤ አላየሽም?" ከዚያ ድምፅህ ተሰበረ። "እዚያ ካላየኋት የት ልያት፣ ናዲን?"

 ክረምቱ ሳይወጣ ሻንጣህን ይዘህ ሜይን ወደ ወንድምህ ሄድክ።

ያልነገርኩህ ነገር አለ። አንተ ከሄድክ ብዙም ሳልቆይ መዝናኛው ሄጄ ሥራ ጠየቅሁ። ፀጉር ሠሪ አይደለሁ፤ የአሻንጉሊቶቹን ዊግ የሚያጥብና የሚያበጥር ሰው ይፈልጉ ነበር። የእሷን ፀጉር ሌላ ሰው ሲያበጥረው ማሰብ አቃተኝ። ለዓመታት ጠዋት ጠዋት፣ በሩ ለሕዝብ ሳይከፈት፣ ሙዚቃው ጠፍቶ ውሃው ፀጥ ሲል፣ መሰላሉን ወጥቼ ሳበጥራት ኖርኩ። ሠራተኞቹ "ሞተሯ ጠፍቶም ዓይኗ ይከተላል" እያሉ ይፈሯታል፤ በሥሯ ብቻውን የሚያልፍ የለም። እኔ ግን የሰፈሩን ወሬ አወራታለሁ። ማን እንደሆነች ለማንም ተንፍሼ አላውቅም።

ባለፈው ዓመት እንግዲህ የፊልም ሰዎቹ መጡ። ዳይሬክተሩ ራስል ዳንፎርዝ ይባላል፤ ጢሙ የተንጨባረረ፣ ቁጭ ማለት የማያውቅ፣ ግን ክፋት የሌለበት ሰው ነው። ከመስኮቱ ሥር ቆሞ አንጋጦ አያት፣ አያትና ወደ እኔ ዞረ።

"ፊልሙ የሷ ነው" አለኝ። "ሀብት ፈላጊዎቹ፣ መርከቡ፣ ፍንዳታው፣ ያ ሁሉ ማድመቂያ ነው። ሰው ከዚህ ወጥቶ የሚያስታውሰው እሷን ነው። ተዋናይቷን ቁርጥ እሷን አድርገሽ ትሠሪልኛለሽ?"

"ሜካፕ ሠሪ ሞልቶልህ የለ እንዴ?"

"ከአንቺ በላይ የሚያውቃት የለም አሉኝ።"

እምቢ ልል አፌን ስከፍት "እሺ" የሚል ቃል ወጣኝ። ለምን እንደሆነ ዛሬም በደንብ አላውቅም። ልያት ፈልጌ ይሆናል። ስትተነፍስ።

ተዋናይቷ ፓሎማ ሪዮስ ትባላለች። የሳንታ አና ልጅ ናት፤ ለፍላፊ፣ ሳቂታ፣ ከአፏ ማስቲካ የማይለይ። "ዶኛ ናዲን" ትለኛለች፤ በሰፈሯ ትልቅ ሴት የሚከበረው እንደዚያ ተብሎ ነው።

"ዶኛ ናዲን፣ ዛሬ ደግሞ ምን ያህል ሊገድሉኝ ነው?" አለችኝ የመጀመሪያ ቀን፣ ወንበሬ ላይ እየተመቻቸች።

ጉንጯን አገረጣሁት፤ ቅንድቧን አሳሳሁት፤ ዊጉን ደፋሁላት። ቀና ስል በመስታወቱ ውስጥ ኮሪን ማስቲካ ታኝካለች። ብሩሹ ከእጄ ወደቀ።

"ምነው? አስጠላሁ?" አለችና አንገቷን ዘንበል አድርጋ ፀጉሯን ከጆሮዋ ኋላ መለሰችው።

"ይህን ማን አስተማረሽ?" አልኳት። ድምፄን እኔው ራሴ አላወቅሁትም።

"የቱን?"

"ፀጉርሽን። አሁን ያደረግሽውን።"

ሳቀች። "እሱን ነው? በልደቴ በልደቴ እዚያ ጀልባ ላይ ነበር የሚወስዱኝ። የመስኮቷን ልጅ ሲበዛ ነበር የምወዳት። ቤት ገብቼ እንደሷ ስሆን እህቶቼ 'ደግሞ ማማዋ ላይ ወጣች!' እያሉ ያሾፉብኛል። በዚያው ለመደብኝ። አሁንማ የኔ ነው።"

ላይል፣ ከኮሪን ወስደህ ሞተር ውስጥ ያስገባኸውን፣ ይቺ ልጅ ከሞተሩ ወስዳ በሥጋዋ ይዛው አድጋለች። መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ምን እንደተሰማኝ አልነግርህም፤ ታውቀዋለህ።

የፊልሙን መጨረሻ ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። ልጅቷ ፋኖሷን እንደያዘች ከማማው ወደ ባሕር ትዘላለች። መርከበኞቹ ብርሃኑን አይተው ይድናሉ፤ እሷ ትሰጥማለች። ለዚያ ብለው ትልቅ የውሃ ገንዳ ሠሩ፤ ማዕበል የሚያስነሳ ሞተርም ገጠሙለት። ልምምድ ላይ ፓሎማን በገመድ አወረዷት። ማዕበሉ በራሷ ላይ ተዘጋ። ጠላቂ ዋናተኞቹ ወዲያው አወጧት፤ እየሳቀች ነበር የወጣችው። እኔ ግን ገንዳው ዳር ተንበርክኬ ነበር። መቼ እንደተንበረከክሁ አላውቅም። እጄን ውሃው ውስጥ እስከ ክንዴ ከትቼ እየዳበስኩ ነበር።

ፓሎማ ፎጣ ደርባ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። መኳኳያው ግማሹ ታጥቦ ግማሹ ፊቷ ላይ ቀርቷል።

"ዶኛ ናዲን፣ ይቺ ልጅ ማን ናት?"

"አሻንጉሊት ናት።"

"ተዉ እንጂ! ለአሻንጉሊት እንዲህ አይሆንም።"

ነገርኳት። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። ፎጣዋን አውልቃ ለእኔ ደረበችልኝና ውሃው እየተንጠባጠበባት ወደ ራስል ሄደች።

"አልዘልም!" ስትል ድምጿ ከአዳራሹ ማዶ ተሰማኝ።

"እንዴት አልዘልም ትያለሽ? ይሄ ሁሉ ሰው አንቺን ነው የሚጠብቀው!"

"ይጠብቃ! ያቺን ሴትዮ ልጇን ዓይኗ እያየ ሁለተኛ አላሰጥምባትም። ካማረህ ቀሚሱን ልበስና አንተው ዝለል!"

ጥቂት ቆይቶ ራስል ወደ ሜካፕ ክፍሉ መጣ። ወንበሬ ላይ ተቀመጠ፤ ቆቡን አወለቀ። ቁጭ ሲል ሳየው ያኔ ብቻ ነው።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ብዬ ልንገርህ?"

ቆቡን በእጁ ሲያሽከረክር ቆየ። "የፊልሙ መጨረሻ እኮ እሱ ነው፣ ናዲን። ካልዘለለች ምን ታድርግ?"

"ማማው ደረጃ የለውም?"

"አለው እንጂ።"

"በደረጃው ትውረድ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ በሩን ከፍታ ትውጣ። ይህን ሁሉ ዘመን መስኮት ላይ ያቆማችኋት ልጅ መውጣት አያምራትም?"

ቆቡን ደፍቶ ወጣ። በማግስቱ የፊልም ኩባንያው ሰዎች መጨረሻው ሊቀየር ነው ሲባሉ መጥተው ተቆጡ፣ ተጨቃጨቁ። እሱ ግን "ሁለቱንም እቀርጻለሁ፤ ከዚያ አይታችሁ ፍረዱ" ብሎ አሰናበታቸው። ዝላዩን በፓሎማ ፈንታ አንዲት የትርኢት ዘላይ ሠራችው፤ ፊቷን ሌላ ሰው ኳላት። እኔ ያን ቀን ከቤት አልወጣሁም።

የደረጃው ተራ ሲደርስ ግን ከካሜራው ኋላ ቆሜ ነበር። መጀመሪያ የእግሯ ድምፅ ብቻ ነው የተሰማው፤ ከላይ፣ ከዚያ ቀረብ ብሎ፣ ከዚያ ከበሩ ኋላ።  በሩ ተከፈተ። ፋኖሱን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ዓይኗን ከፀሐዩ በእጇ ከለለችና ሄደች። በአጠገቤ ስታልፍ ቀሚሷ እጄን ነካው። ልይዛት እችል ነበር፣ ላይል። ስሟም አፌ ላይ ነበር። አልጠራኋትም። በሰፊው ግቢ ውስጥ እያነሰች፣ እያነሰች ስትሄድ አየኋት። እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ነበር፤ አንተ ያኔ እንዳልከው።

የተመረጠው ይኸኛው መጨረሻ ነው።

ፊልሙ ሲወጣ መዝናኛው ጀልባውን በፊልሙ ልክ አደሰው። አሁን በመስኮቱ የቆመችው የፓሎማ መልክ ያላት አሻንጉሊት ናት። እንደምታውቀው ፈሪ ነኝና ለመሳፈር ብዙ አመነታሁ። ጥጉን ታጥፈን ቀና ስል ግን ሳቄ መጣ። ያን ጠዋት የመልኩ ባለቤት ፓሎማ ጉንፋን ይዟት በስልክ ስታነፋንፍብኝ ነበር።

የድሮዋን አሻንጉሊት፣ የኮሪንን ራስ ሊጥሉት ሲሉ ለምኜ ወሰድኩት። አሁን ክፍሏ ውስጥ፣ አልጋዋ ላይ ነው፤ በነጭ አንሶላ ጠቅልዬዋለሁ። ሞተር የለውም፣ አንገት የለውም። ትናንት ስገባ ግን አንሶላው ተገልጦ ፊቷ ወደ በሩ ዞሮ አገኘሁት። እኔው ሳላውቀው አዙሬው ይሆናል። በሩን ልዘጋው ስል ጨከንኩባት መሰለኝና ገርበብ አድርጌው ተኛሁ።

ይበቃታል፣ ላይል። ለእኛም ይበቃናል። ከእናቴ መቃብር ጎን ቦታ አግኝቻለሁ። ፓስተሩ ይስቁብኛል ብዬ ስፈራ "ሰው የሚቀብረው ያለውን ነው" አሉኝ። ፊቱን የሠራኸው አንተ ነህ፤ ያላንተ አፈር ላለብሰው አልችልም። የሚያዝያ የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ በቀትር ነው። ፓሎማ አበባው የኔ ነው ብላለች።

መንገዱ ሩቅ እንደሆነ አውቃለሁ። ብትዘገይ ግድ የለም፤ ሣሩ ላይ ቁጭ ብለን እንጠብቅሃለን።

የኮሪን እናት
ናዲን