በደሴቷ ዳር የሰበሰብከው ሰንሰለት

ውድ አልደን፣

"ውድ" ያልኩህ ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ ስለሚባል ነው፤ ሌላ ትርጉም አትስጠው።

ማክሰኞ ዕለት ሃይራም ዘንድ ነበርኩ። ጉልበቱ አልታዘዝ ስላለው ጀልባውን ሊሸጥ ነው፤ ሸራዎቹን ሳጣጥፍለት ዋልኩ። ጀልባችን ቴርን የተሰበረች ቀን ከጎናችን መልህቁን ጥሎ እንደነበር አትረሳም። ስለ እሷ ስናወራ፣ "አልደን ያን የመልህቅ ሰንሰለት ባይሰበስበው ዛሬም ትኖር ነበር" አለኝ።

"የቱን ሰንሰለት?"

ቀና ብሎ አየኝ። "ዊኒ፣ አልነገረሽም እንዴ?"

ያን ቀን መልህቁን የጣልኩት እኔ ነበርኩ። አርባ ሜትር ሰንሰለት በእጄ እየቆጠርኩ ስለቅ አንተ መሪውን ይዘህ፣ "ይበቃል እንጂ ሴትዮ፣ ደሴቷን ልታስሪያት ነው?" እያልክ ትስቅብኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነፋስ እንደሚነሳ፣ በነፋስ ደግሞ መልህቅ የሚይዘው ሰንሰለቱ ሲረዝም እንደሆነ ስለማውቅ መልቀቄን ቀጠልኩ። ከዚያ እንጆሪ ልንለቅም በታንኳ ወደ ደሴቷ ቀዘፍን። ገና ከመድረሳችን "ኮቴን ረሳሁ" ብለህ ብቻህን ወደ ቴርን ተመለስክ።

የቀረውን ሃይራም ነገረኝ። አጠገባችን ቆሞ የነበረው የዚያ ትልቅ ነጭ ጀልባ ባለቤት "ሰንሰለትህ ረዝሟል፤ ጀልባህ ስትዞር ልትነካኝ ነው" ብሎ ሲቆጣህ፣ "ይቅርታ ጌታዬ" ብለህ ግማሹን ሰንሰለት ሰበሰብክ። ስሙን እንኳ ለማታውቀው ሰው። እሱም ነፋሱ ሳይነሳ ሄደ።

በጥዶቹ መሃል ስንመለስ ቴርን ድንጋዩ ላይ በጎኗ ተኝታለች። ሃያ ሦስት በጋ ከወሽመጥ ወሽመጥ ያዞረችን ጀልባ ሆዷ ተቀዶ ውሃ ይገባባታል። ዓሣ አጥማጆቹ ተሰብስበው፣ "መልህቁን ማን ነው የጣለው?" አሉ።

"ዊኒ ናት" አልክ።

ውሸት አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልነቃሁብህም ለዚህ ነው።

እኔ አልቅሼ ይቅርታ ጠየቅኩህ። አንተ ትከሻዬን መታ መታ አድርገህ፣ "በቃ፣ በማንም ይደርሳል" አልከኝ። ስንለያይም ጥፋቱን ተሸክሜ የወጣሁት እኔው ነኝ። ትንሿን ጀልባዬን ገዝቼ የልጅ ልጃችንን ኤዲትን ለሁለት ቀን ልውሰዳት ስል፣ ሮዌና ዓይኔን ማየት አቅቷት፣ "እማዬ፣ አትቀየሚኝ። መልህቅ ላይ አላምናትም ይላል አባዬ" አለችኝ። የገዛ ልጄ። ኤዲት አሁን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አንድም ቀን ጀልባዬ ላይ አድራ አታውቅም። በየበጋው እኒያን ጸጥ ያሉ ወሽመጦች ብቻዬን እዞራቸዋለሁ፤ መልህቄን ጥዬ፣ ያዘ አልያዘ እያልኩ በቀን አሥር ጊዜ አየዋለሁ። እጄን እንዳላምን ያደረግከኝ አንተ ነህ።

በጀልባዋ አይደለም የማዝንብህ። ፈርተህ ይሆናል፣ አፍረህም ይሆናል፤ ያን ቀን ብትነግረኝ ተቆጥቼ፣ ተኮራርፈን፣ ያልፍ ነበር። አንተ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ዝም አልክ።

ለእኔ ይቅርታ አትጻፍልኝ። እሑድ ሮዌና ቤት ምሳ ትበላለህ፤ ኤዲት ባለችበት እውነቱን ለእናቷ ንገራት። ከአንተ አፍ የሰማችውን አንተው አፍርሰው።

ካልነገርካት እኔም አልነግራትም። አባቷ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ከእኔ እንድትሰማ አልፈልግም። ያን ጊዜ ግን ስሞት ቀብሬ ላይ እንዳትቆም።

ዊኒፍሬድ